ቁርበትና ቢራቢሮ

ልጆቼ የስፖንጅ ፍራሽ ከገዙልኝ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ፣ ከጋይንት አምጥተው ሆስፒታል አስተኙኝ። የደረሰ ገብሴ ማሳው ላይ ሊረግፍ ነው፤ እኔ አልጋ እጠብቃለሁ። አንድ ወጣት ሐኪም ቀለም የፈሰሰበት ወረቀት አሳየኝ። የሰው ሐሳብ የሚታወቀው በዚህ ነው አሉ።

«አባቴ፣ ምን ይታይዎታል?»

«ቁርበት።»

ሌላ አወጣ። «ይኸኛውስ?»

«የበሬ ቁርበት፤ ተወጥሮ ሲደርቅ።»

«ስለ ሞት አብዝተው ያስባሉ?»

«የለም፣ ስለ መኝታ ነው።»

አንገቱን ነቀነቀና «ትንሽ ይቆዩልን» አለኝ። የአባቴ ብቸኛ በሬ በድርቅ ሲሞት፣ እኔና ወንድሞቼ ያደግነው ቁርበቱ ላይ ነው። ይህን ለሐኪሙ አልነገርኩትም፤ የጠየቀኝ ስለ ሞት እንጂ ስለ በሬ አይደለም።

ከጎኔ አልጋ የተኙት መሪጌታ ሰምተው ኖሮ «አንተ ሞኝ፣ ቢራቢሮ በለው» አሉኝ። «እኔ ነገ የምወጣው በቢራቢሮ ነው።»

በማግስቱ ያሳየኝን ሁሉ ቢራቢሮ አልኩት። ሐኪሙ ፊቱ በራ፤ «በጣም ተሽሎዎታል» ብሎ አሰናበተኝ።

ገብሱ ሳይረግፍ ደረስኩ። ማታ ፍራሹን አንስቼ ቁርበቴን አነጠፍኩና እስኪነጋ ተኛሁ። ቢራቢሮ አንጥፎ የሚተኛ ሰው ካለ ሐኪሙ ያሳየኝ።