ያልተገዛው ዲስክ

ሰው ዕቃን በዓይኑ ብቻ መግዛት የሚተወው መቼ እንደሆነ እንጃ። እኔ በበኩሌ ተስፋ ቆርጫለሁ። ተስፋ የቆረጥኩበት ነገር የጀመረው ከትርጉም ሥራዬ ወጥቼ ቢሮዬን ስቆልፍ ነው። አንድ ትልቅ ካርቶን ደረጃውን እየወጣ ወደ እኔ ይመጣል። "አንድ ጊዜ! አንድ ጊዜ!" ይላል፤ ያለከልካል፤ ግድግዳውን ይፍቃል። ከካርቶኑ ኋላ ጋሼ ሌንስ ነበሩ።

ጋሼ ሌንስ የቢሮ ጎረቤቴ ናቸው። ሠርግና ምርቃት የሚቀርጹ፣ የቀረጹትንም ራሳቸው ቆርጠውና ቀጥለው ፊልም የሚያደርጉ አንጋፋ ባለሙያ ናቸው። ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከእሳቸው ኋላ የእህታቸው ልጅ ትከተላለች። የፊልም ቅንብር ተምራ መጥታ አብራቸው ትሠራለች፤ ሲቀልዱባት "ምሁሯ" ይሏታል። በዚያን ቀን ፊቷ ከለቅሶ ቤት የተመለሰች ያስመስላት ነበር።

"ጎረቤት፣ እንኳን አገኘንህ" አሉኝ ካርቶኑን በአንድ በኩል እያስያዙኝ። "ና ግባና ፍረድ። ይቺ ልጅ ከሱቁ ጀምሮ አኩርፋኛለች።"

"ፍርዱማ ከግዢው በፊት ነበር" አለች ምሁሯ።

ገባን። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ መስኮቷ በጥቁር ጨርቅ የተጋረደ፣ ጥጓ የካሜራ ማቆሚያ የተደረደረባት። ኮምፒውተሩ ከካርቶኑ ወጣ። ጎኑ መስታወት ነው። ሲበራ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መብራት በውስጡ መሯሯጥ ጀመረ። ጋሼ ሌንስ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ራቅ ብለው አዩት።

"አያምርም?"

"ያምራል" አልኩ። ውሸት አልነበረም።

"ጋሼ፣ ማማሩን ማን ካደ?" አለች ምሁሯ። "ግን ይስሙኝ። ይሄ ጌም ለሚጫወት ሰው የተገጣጠመ ነው። ገንዘቡ ያለቀው በግራፊክስ ካርዱና በመብራቱ ላይ ነው። የእኛ ሥራ ቪዲዮ መቁረጥ ነው። ለእኛ መጀመሪያ ጠንካራ ፕሮሰሰር፣ ቀጥሎ በቂ ራም፣ ከዚያ ፈጣን ዲስክ ነበር የሚያስፈልገን። ግራፊክስ ካርዱ መካከለኛ ቢሆንም ይበቃን ነበር።"

"ሻጩ ግን ከዚህ የሚበልጥ የለም ብሎኛል።"

"የእኔ ዕቃ ያንሳል የሚል ሻጭ አይተው ያውቃሉ?"

ጋሼ ሌንስ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

"የበለጠ የሚያስፈራኝ ኤሌክትሪኩን የሚያድለው ፓወር ሰፕላዩ ነው" አለች። "ከውስጥ ስለሚደበቅ ማንም አያየውም፤ ስለዚህ ርካሹን ገጠሙበት። ይህን የሚያህል ካርድ ተሸክሞ ሰዓታት ሙሉ መሥራት የሚችል አይመስለኝም። እሱ ከተቃጠለ ደግሞ ብቻውን አይሄድም፤ ዲስኩንም ይዞት ሊሄድ ይችላል።"

"አታሟርቺ!"

"እሺ፣ አላሟርትም። ግን ሁለተኛ ዲስክ እንግዛ። አሮጌዎቹን ከአሮጌው ኮምፒውተር ጋር ለሻጩ ሰጥተዋቸዋል። አሁን ያለን ሥራ በሙሉ የተቀመጠው እዚህ አንድ ዲስክ ላይ ነው።"

"ዝም ብዬ መቼ ሰጠሁ? ሁሉንም ወደ አዲሱ ካስገለበጥኩ በኋላ ራሱ ላይ ቆሜ አስጠፍቻለሁ። አንዲት ምስል አልተረፈችም።"

"እኔን ያስጨነቀኝ እሱ እኮ ነው፣ ጋሼ።"

በዚህ ጊዜ የሽማግሌው ፊት ተለወጠ። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ስሚኝ፣ ልጄ። የሰው ገበና ሁለት ቦታ አይቀመጥም። በወጣትነቴ አብሮኝ የሚሠራ ሰው የአንዲት ሙሽራ ፊልም ገልብጦ ቤቱ አስቀመጠ። ፊልሙ ከቤቱ አፈትልኮ ወጣ። ስትለብስ የተቀረጸው ሳይቀር የሰፈር መሳቂያ ሆነ፤ ትዳሯም ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ እኔ ዘንድ ፊልም አንድ ናት። ለባለቤቷ አስረክቤ የራሴን አጠፋለሁ። ሰው ደጄን የሚመርጠው ለዚህ ነው።"

እዚህ ላይ ለሽማግሌው ልመስክርላቸው። የያዛቸው ስስት አልነበረም። ስስት ቢሆን ኖሮ በቀለለን፤ ቆንቋና ሰውን በጥቅም ማሳመን ይቻላል። ጋሼ ሌንስን የያዛቸው ግን ክብራቸው ነበር።

"ያ ሰው ያጠፋው በመገልበጡ አይደለም፣ ባለመቆለፉ ነው" አለች ምሁሯ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ሁለቱንም ዲስክ በይለፍ ቃል እንቆልፋለን። አንዱ እዚህ፣ አንዱ ሌላ ቤት ይቀመጣል። ባለቤቱ ሲረከብ ሁለቱንም እናጠፋለን። ገበናውም ይጠበቃል፣ ፊልሙም ይተርፋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰሙም?"

"ሰምቻለሁ። የፋርማሲስቷን ልጨርስላትና እናየዋለን። ይሄን ማሽን የገዛሁት ለማን መሰለሽ?"

ለማን እንደሆነ ሕንፃው ሁሉ ያውቃል። ፋርማሲስቷ ምድር ቤት ባለው መድኃኒት ቤት የምትሠራ ወጣት ናት። በሠርጓ ዕለት ሕመምተኛ እናቷ ጋሼ ሌንስን ወደ ጓዳ ጠርተው፣ በሩን አስዘግተው፣ ለካሜራው ብቻቸውን ተናገሩ። "ለልጄ ነው። ከፊልሙ መጨረሻ ላይ ያድርጉልኝ፤ ያን ጊዜ ትየው" አሉ። ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ከመሞታቸው በፊት ለልጃቸው፣ "ልልሽ የምፈልገውን ሁሉ እዚያ ብዬልሻለሁ" ብለዋት ነበር። አሮጌው ኮምፒውተር ደግሞ በየቁርጡ ቀጥ እያለ ፊልሙ ዘገየ። ልጅቷ ደረጃ ላይ ባገኘቻቸው ቁጥር "ጋሼ፣ ደረሰ?" ትላለች። አትነዘንዝም፤ መጠየቅ ብቻ ነው። ሽማግሌውን ወደ ሱቅ የሰደዳቸው ይህ ጥያቄ ነው።

"እንግዲያው የእናትየውን ቃል ብቻ እንኳ ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ይገልብጡት" አልኳቸው።

"እሱንማ ጭራሽ! የሟች አደራ ነው" አሉ።

ከሳምንት በኋላ ይመስለኛል፣ ከምሳ መልስ፣ ከግድግዳው ማዶ አንድ ነገር ጧ አለ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ስገባ ጋሼ ሌንስ እንደዚያን ቀኑ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። መስታወቱ ውስጥ ጨለማ ነው። ምሁሯ ማሽኑን ፈታች፤ ዲስኩን አውጥታ በሻርፗ ጠቅልላ ይዛ ወጣች። ከአንዱ ጠጋኝ ወደ ሌላው ስትዞር ሰነበተች። በመጨረሻ ይዛው ተመለሰችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ሁሉም ያሉት አንድ ነው፤ ውስጡ የነበረው አይመለስም" አለች።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባላል። እውነት ነው፤ ግን መከራው የሚመጣው በመካሪውና በተመካሪው ላይ ብቻ ቢሆን ምን ነበር!

ፋርማሲስቷን ራሳቸው አስጠሯት። ምሁሯ ልንገራት ብትላቸው "የጥፋቱ ባለቤት እኔ ነኝ" ብለው ከለከሏት። ልጅቷ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች መጣች፤ ፊልሙ የደረሰ መስሏት ፊቷ በርቶ ነበር። ነገሯት። አልጮኸችም።

"ጋሼ፣ ፊልሙ ይቅር" አለች። "እርስዎ ጓዳው ውስጥ ነበሩ። እማዬ ምን አለች? የሰሙትን ይንገሩኝ።"

ሽማግሌው ከንፈራቸውን አረጠቡ።

"መስኮቱ ከኋላቸው ነበር። ፊታቸው እንዳይጠቁር መብራት ሳስተካክል ነበር። 'ልጄ' ሲሉ ሰማሁ።"

"ከዚያስ?"

"ልጄ፣ እኔ ብርሃኑን ነበር የማየው። ስቆርጠው በደንብ እሰማዋለሁ ብዬ ነው። መጨረሻ ላይ ስለሆነ ገና አልደረስኩበትም ነበር።"

"አንድ ቃል እንኳ?"

"ብዙ ተናገሩ። እጃቸውን ግን አስታውሳለሁ።"

"እንዴት አድርጋ ነበር?"

ጋሼ ሌንስ ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ፤ መዳፋቸውንም ሁለት ጊዜ ከፈት አድርገው ዘጉ። ልጅቷ እጃቸውን እያየች ቆየች።

"አዎ፣ እሷ ናት" አለችና ወደ ሥራዋ ወረደች።

እሷ እንደወጣች ጋሼ ሌንስ ወደ እህታቸው ልጅ ዞሩ። "እስቲ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ። ሁለቱም ዲስክ ይቆለፋሉ ነው ያልሽው?"

"ይቆለፋሉ፣ ጋሼ።"

"ፓወር ሰፕላዩንስ አንቺ ትመርጫለሽ?"

"እኔ እመርጣለሁ።"

ምሁሯ መናገር ጀመረች፤ እሳቸውም እንደ ተማሪ አዳመጡ። ሁሉንም ተቀበሉ። አንዲት ጊዜ እንኳ አልተከራከሩም። ቢከራከሩ እመርጥ ነበር።

ለአንባቢዬ ጥቅሙን ልንገር፤ ጽሑፉ የተጻፈው ለዚሁ ነው። ዛሬ በዚያች ጠባብ ክፍል ያለው ኮምፒውተር መብራት የሌለው፣ ዓይን የማይስብ ግራጫ ሳጥን ነው። ፕሮሰሰሩ ጠንካራ፣ ራሙ በቂ፣ ፓወር ሰፕላዩም የታመነ ነው፤ የመብራት መቋረጥን የሚችል ባትሪም አለው። እያንዳንዱ ፊልም በተቀረጸበት ዕለት ሁለት ዲስክ ላይ ይገለበጣል፤ አንደኛው በምሁሯ ቤት ተቆልፎ ያድራል። ከዚያ ወዲህ አንድም ሥራ አልጠፋም፤ የማንም ገበና አልወጣም፤ ፊልምም በቀኑ ይደርሳል። ስለዚህ ማሽን የምትገዙ ሁሉ ከሚታየው በፊት የማይታየውን ጠይቁ። የአደራ ሥራ የያዛችሁም ሁለተኛውን ዲስክ ከመጀመሪያው ጋር ግዙ፤ ነገ አትበሉ።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ለፋርማሲስቷ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። አሁን ደረጃ ላይ ስታገኛቸው "ደረሰ?" አትልም። አንዳንዴ ብቻ ቆም ትልና "ጋሼ፣ እንዴት አድርጋ ነበር?" ትላለች። እሳቸውም የያዙትን ዕቃ አስቀምጠው፣ መዳፋቸውን ሁለት ጊዜ ከፍተው ይዘጉላታል።

ባለፈው እሷ ከወረደች በኋላ ጋሼ ሌንስ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"ጎረቤት፣ ለማንም እንዳትናገር" አሉኝ። "እናትየው የከፈቱት ሁለቴ ይሁን ሦስቴ ጠፍቶብኛል። ለእሷ ግን ሁሌም ሁለቴ አሳያታለሁ።"