የሞቀው ብልቃጥ

ከዘንገና ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ኮርቻ በትከሻው ተሸክሞ በእግሩ የሚሄድ ሽማግሌ ያየ ሰው፣ ፈረሱ የት እንዳለ አይጠይቅም። በአገው ምድር እንዲህ ያለው ጥያቄ ቁስል መነካካት ነው። አያ ቢሻውም ማንም እንዳያናግራቸው አንገታቸውን ደፍተው ይራመዱ ነበር። ቦራ ፈረሳቸው ክረምቱ እንደ ወጣ በአፍንጫው አረፋ እየደፈቀ ሞተ። ኮርቻውን ግድግዳ ላይ ማየት ስላልቻሉ ገበያ ሊያወጡት ነው።

ከፊታቸው የእንስሳት ሐኪሟ ሶስና ከባጃጅ ወርዳ የበረዶ ሣጥን አንጠልጥላ መጣች።

«እንደምን አደሩ፣ አያ ቢሻው?»

«ይመስገነው፤ ቆመን እንሄዳለን።»

«ዛሬ እኮ በእናንተ መንደር ፈረስ ልንከትብ ነው። ሰዉ ግን አያ ቢሻው ካልመጡ ፈረሳችንን አናወጣም አለ።»

«እንዳያወጡ ያልኋቸው እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው። «አምና አስከተብን። ዘንድሮ ፈረሶቻችን ተከታትለው አለቁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔም ሳልጠረጥር ተመነጠርሁ። የቀረችኝ አንዲት ባዝራ ናት፤ እሷን ለመርፌሽ አልሰጥም።»

አያ ቢሻው የመንደሩ ፈረሰኞች አለቃ ናቸውና እምቢታቸው የአንድ ሰው እምቢታ አይደለም። እሳቸው በራቸውን ከዘጉ የተረፉት ፈረሶች ሁሉ ያልተከተቡ ይቀራሉ። ሶስና እንደ አንዳንድ የዘመኑ ምሩቅ አኩራፊ ብትሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር። እሷ ግን ሣጥኑን መሬት አስቀምጣ በትሕትና ጠየቀች።

«አምና ክትባቱ የት አደረ?»

«እኔው ቤት። ከታቢው ልጅ ዝናብ ይዞት እኔ ዘንድ አደረ።» ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። «ማለዳ ልጁ ሳይነቃ ሣጥኑን ብከፍተው ብልቃጡ ሁሉ በረዶ ውስጥ ተዘፍቋል። እንዲህ ያለ ነገር በፈረስ ሥጋ ውስጥ ቢገባ ብርድ አይመታውም? ለፈረሶቹ አዘንሁላቸው። እጅ በሚፈጅ ፍል ውኃ ውስጥ ነክሬ አቆየሁትና ጠርጌ ቦታው መለስሁት። ልጁም አላወቀ።»

«ሁሉንም ብልቃጥ?»

«የጎረቤት ፈረስስ ነፍስ የለውም? ሁሉንም ነዋ!»

አያ ቢሻው የሶስና ፊት ሲለዋወጥ አዩና ልባቸው ፈራ።

«ምነው፣ አጠፋሁ እንዴ?»

በመንገዱ ዳር የቀርከሃ ቅርጫት ተደርድሮ ይሸጥ ነበር። ሶስና አንዱን አነሣች።

«የፈረሱን በሽታ የሚያመጣው ቫይረስ የሚባል በዓይን የማይታይ ነገር ነው። ውስጡ የዘሩን ትእዛዝ ይዟል፤ ውጭውን ከፕሮቲን የተሠራ ቅርፊት ይሸፍነዋል። ካፕሲድ ይባላል። ይህን ቅርጫት ይዩልኝ፤ ሚስማር አለው?»

«ምን ሚስማር ያስፈልገዋል! ስንጥሩ እርስ በርሱ ተያይዞ ነው የሚቆመው።»

«ቅርፊቱም እንዲሁ ነው። ጥቂት ዓይነት ስንጥር እየተደጋገመ፣ አንዱ ሌላውን ይዞ ይቆማል። ውስጡን ከጥፋት የሚጠብቀው እሱ ነው፤ ፈረሱ አካል ውስጥ ሲገባም በር የሚከፍትለት እሱው ነው። የፈረሱ ሰውነት ደግሞ በሽታውን በዚያው ቅርፊት ይለየዋል። እርስዎ በበዓል ቀን ከሩቅ የሚጋልበውን ሰው በምን ያውቁታል?»

«በግላሱ! ፊቱ ሳይታየኝ በፈረሱ ልብስ የየት አገር ሰው እንደሆነ እነግርሻለሁ።»

«ክትባቱ የተገራ ቫይረስ ነው። ያንኑ ግላስ ለብሶ ይገባል፣ ግን አይገድልም። ሰውነት ግላሱን ያጠናና ገዳዩ ሲመጣ ይከላከለዋል።»

«ይሁን» አሉ ሽማግሌው፣ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉምና። «ታዲያ ሙቀት ምን በደለ? ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ የምትሉን እናንተው አይደላችሁ?»

«እንዲህ የምንለው ሙቀት ተሐዋስያንን ስለሚያጠፋ ነው። ክትባቱንም ያጠፋዋል፤ ፍል ውኃ ያንን ቅርፊት ይፈታዋል። በብልቃጡ ውስጥ የቀረው የተበታተነ ስንጥር ነበር። ፈረሶቻችሁ ተወጉ እንጂ ምንም አልተማሩም።»

አያ ቢሻው ኮርቻውን አውርደው ላዩ ላይ ተቀመጡ። እውቀት የጎደለው ርኅራኄ ከጭካኔ እኩል ይገድላል፤ ክፋቱ ደግሞ ገዳዩ በደግነቱ ሲኮራ መኖሩ ነው። ሽማግሌው ይህን ሁሉ ወር በኩራት ኖረዋል።

«ቦራን የገደልሁት እኔ ነኛ?»

«የገደለው በሽታው ነው። እኛም አለንበት፤ አታሙቁት፣ ምክንያቱ ይህ ነው ብለን አልነገርናችሁም።»

«አታባብዪኝ፣ ልጄ። የእኔስ ይሁን። የጎረቤቴ የስሜነሽ ግን… ባሏ ሞቶ በዚያ የጭነት ፈረስ ነበር ልጆቿን የምታሳድገው። ዛሬ እንጨቱን በጀርባዋ ታወርዳለች።»

ገበያው ቀረ። አብረው ወደ መንደሩ ተመለሱ፤ አያ ቢሻው ባዝራቸውን ስበው ወጡ፤ ሰዉም እሳቸውን አይቶ ፈረሱን እየሳበ መጣ። ስሜነሽ ባዶ እጇን ከዳር ቆማለች። አያ ቢሻው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ስሙኝ። አምና ክትባቱን በፍል ውኃ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። መርፌው አልዋሸንም። ከእንግዲህ ብልቃጡ እስከ መጨረሻው በበረዶ ይቆይ። በየዓመቱ እናስከትብ። በሽታውን የምታዛምተው ትንኝ ናትና ፀሐይ ሳትጠልቅ ፈረሶቻችንን ቤት እናስገባ። ይህን ካደረግን ለበዓሉም ለጭነቱም ፈረስ አናጣም፤ ሚስቶቻችንና ልጆቻችንም በፈረስ ፋንታ አይጫኑም።»

ሽማግሌው ወደ ስሜነሽ ሄደው የባዝራዋን ገመድ በእጇ አስያዟት።

«ካሳ አልለውም። ያንቺ ናት።»

«የፈረሴን ሬሳ ስንጎትት አብረውኝ አልቅሰው ነበር» አለች ስሜነሽ።

«አልቅሻለሁ።»

ሴትዮዋ እግዜር ይስጥልኝ አላለችም፤ ይቅር ብያለሁም አላለች። ገመዱን ግን አልመለሰችም። ሶስና መርፌዋን ስታዘጋጅ ስሜነሽ ባዝራዋን ወደ ኋላ ሳበቻት።

«ቆይ፣ እቱ። መጀመሪያ ብልቃጡን ልንካው።»

ሶስና ዘረጋችላት። ስሜነሽ ጣቶቿን አሳርፋ፣ ቅዝቃዜው እስከ አጥንቷ እስኪሰማት ጠበቀች።

«አሁን ውጊያት» አለች።