ሰባተኛዋ የቤተሰብ አባል

በ፲፱፻፸፬ ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ደብረ ታቦር የዘነበው ዝናብ በረዶ የቀላቀለ ነበር። እኔ አስተማሪ ነኝ፤ በዚያ ክረምት ግን ቀበሌው መዝገብ አሸክሞ አካል ጉዳተኞችን ቤት ለቤት እንድመዘግብ ልኮኝ ነበር። በረዶው ሲብስብኝ ገበያው ዳር ወዳለው ወደ ልብስ ሰፊው ጋሽ ሸሪፍ ቤት ዘልዬ ገባሁ። የካፖርቴ የቁልፍ ቀዳዳም በበሩ ምስማር ተይዞ ተተረተረ።

ጋሽ ሸሪፍ ስድሳን የተሻገሩ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ክርክር ግን አይጠሉም። በከተማው የቁልፍ ቀዳዳ እንደ እሳቸው አሳምሮ የሚሰፋ የለም ይባላል። ካፖርቴን ተቀብለው ከመጋረጃው ጀርባ አኖሩና ዝናቡ እስኪያባራ ተጫወት ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

ስለ መዝገቡ ቢጠይቁኝ አስረዳኋቸው። እስከዚያ ዓመት መንግሥት ለአካል ጉዳተኛ የሚያደርገው ለበዓል እህልና ብርድ ልብስ ማደል ነበር፤ እሱም የሚደርሰው መንገድ ወጥቶ ለሚለምነው ብቻ ነው። አሁን አሠራሩ ተለውጦ በጀቱ ለሙያና ለመሣሪያ እንዲውል ተወስኗል። ለከተማችንም የስፌት ማሠልጠኛ ተፈቅዷል፤ ነገር ግን ዐሥራ ሁለት ሰው ካልተመዘገበ ገንዘቡ ወደ ሌላ ከተማ ይዞራል። እኔ ያገኘሁት ዐሥራ አንድ ሰው ነው፤ መዝገቡ ደግሞ የሚዘጋው በዚያው ቀን ነበር።

«አትቀየመኝ መምህር፣» አሉ ጋሽ ሸሪፍ። «ለዚህ ሁሉ ምን አደከማችሁ? እናንተ ዘንድ ምጽዋት አለ፣ እኛ ዘንድ ሰደቃ አለ። አላህ የፈተነውን ሰው ሥራ ሥራ እያሉ ማንገላታት ግፍ ነው።»

«ሰደቃው አይቅር ጋሽ ሸሪፍ። ግን ሰደቃ ዛሬን ያሳድራል፤ ሙያ ዕድሜ ልክ ያኖራል።»

«እግሩ የማይረግጥለት ሰው በምን መኪና ይሰፋል?»

«በእጅ የሚዞር መኪና አብሮ ይመጣል።»

«በእጅ የሚዞር?» አሉ። ደግመውም ጠየቁኝ፤ እኔም ደግሜ መለስኩላቸው። ከዚያ እንደ መቆጣት ብለው፣ ከዚህ ቤት የምትጽፈው የለም፣ ቤተሰቤ ስድስት ነው፣ የቀበሌው ሱቅም ስኳር የሚሰፍርልኝ ለስድስት ነው አሉኝ።

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ካፖርቴ በመጋረጃው ሥር ተገፍቶ ወጣ። አንስቼ አየሁት፤ ቀዳዳው ተሰፍቶ፣ ዙሪያው ተጠልፎ፣ ከአዲስም በልጧል። ጋሽ ሸሪፍ ግን ከአጠገቤ ንቅንቅ አላሉም ነበር።

«ማን ሰፋው?» አልኳቸው።

አንገታቸውን ደፉ። ልጃቸው ሩቅያ በአራት ዓመቷ ታማ እግሮቿ እንደሰለሉ፣ ከተማው የሚያደንቀውም የእሷን እጅ እንደሆነ ቀስ እያሉ ነገሩኝ። ታናሿን አሚናን የሐሙሲት ነጋዴዎች ለጋብቻ ጠይቀዋታል። ሰው ዘር ከልጓም ይስባል ይላልና ሕመሙ በዘር ነው ብለው አማቾች እንዳይሸሹ ከድሮም ይፈሩ ነበር። ቀበሌ ከተቋቋመ ጀምሮ ሰባት ዓመት ሙሉ ሩቅያን ሳያስመዘግቡ፣ የእሷን ስኳር ሳይቀበሉ ኖረዋል።

እውነቱን ለመናገር ተናደድኩ። በልጅቱ እጅ እየተመሰገኑ ልጅቱን መካድ ምን ይሉታል? ቢሆንም ሽማግሌ ናቸውና ድምፄን አላነሳሁም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፣» አልኩ። «አንቱ የደበቁት ግን በሽታ አይደለም፤ ባለሙያ ነው። እሷ ስትደበቅ ደግሞ የዐሥራ አንዱም ሰው ዕድል አብሮ ይቀራል።»

«አሚናስ ሳታገባ ብትቀር?»

መልሱ የመጣው ከመጋረጃው ጀርባ ነው። «አባባ፣ እኔን የሚጠላ ቤት አሚናንም አይወዳት። እኔ ደግሞ ያን መኪና እፈልገዋለሁ። መምህር፣ ይጻፉኝ።»

ጋሽ ሸሪፍ ተነሡና መጋረጃውን ገለጡት። ሩቅያ መርፌዋን እንደያዘች ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ አየኋት።

«ጻፍ፣» አሉኝ። ስሟን ጽፌ ስጨርስ ከባድ ሸክም እንዳወረደ ሰው ተነፈሱ፤ እኔም ቀለለኝ።

ማሠልጠኛው በመስከረም ተከፈተ። ሩቅያ በእጅ የሚዞረውን መኪና ተቀበለች፣ ክራንችም ተሰጣት፤ በሁለተኛው ዓመት ለሌሎቹ የቁልፍ ቀዳዳ አሰፋፍ የምታስተምረው እሷ ሆነች። ከዐሥራ ሁለቱ ሦስቱ ቀድሞ ገበያ ላይ ይለምኑ የነበሩ ናቸው፤ ዛሬ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። የሐሙሲቱ አማቾች ወሬውን ሲሰሙ መጥተው ነበር። የሙሽራው አባት የለበሱትን ኮት የቁልፍ ቀዳዳ የሰፋችው ሩቅያ መሆኗን ሲያውቁ፣ ስቀው የሠርጉን ቀን ቆረጡ። ለልመና ይሰጥ የነበረው ገንዘብ ለሙያ ሲውል እንዲህ ያለ ፍሬ ያፈራል፤ ግን አስቀድሞ ሰውየው መቆጠር አለበት።

እኔ ከሁሉ የማልረሳው ግን በዚያ በዝናቡ ቀን ማግስት ያየሁትን ነው። የቀበሌው ሱቅ ፊት ተሰልፈን የጋሽ ሸሪፍ ተራ ደረሰ። ስኳር የምትሰፍረው የሺ እንደ ልማዷ ካርዱን እያየች «ስድስት» አለች።

«ሰባት፣» አሉ ጋሽ ሸሪፍ፣ ሰልፈኛው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው። «መምህር በቀበሌው መዝገብ ጽፎልኛል።»

«እሰይ፣ ልጅ ተወለደልዎ?»

«አዎ፣ አልሐምዱሊላህ፤ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው።»

የሺ ቀና ብላ አየቻቸውና የሰባት ሰው ስኳር ሰፈረችላቸው።