ሩምሻ እና የተደበቀው ሕመሟ

በጥቅምት ወር አንድ ማለዳ፣ ከበርሊን የሚመጣ የሥራ ባልደረባዬን ለመቀበል ላይፕዚግ ባቡር ጣቢያ ቆሜ ሳለ፣ አንድ ሽማግሌ የአንዲት ወጣት ሴት ክንድ ጨብጠው ሲሄዱ አየሁ። አያያዛቸው እስረኛ የሚያጅብ ወታደር ያስመስላቸው ነበር። ልጅቷም ባቡር በመጣ ቁጥር ከሐዲዱ ትሸሽና ጀርባዋን ከግድግዳው ጋር ትለጥፋለች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ዓይኖቿ ከእንቅልፍ ማጣት የተነሣ ቀልተዋል። እውነቱን ለመናገር ሽማግሌውን ፈራኋቸው። ያለ ፈቃዷ የሚወስዷት መስሎኝ ለፖሊስ ልንገር አልንገር እያልኩ ሳመነታ፣ ልጅቷ በአገሬ ቋንቋ፣ በኡርዱ፣ «ታያ ጂ፣ እጄን አመመኝ» ስትላቸው ሰማሁ። ታያ የምንለው የአባታችንን ታላቅ ወንድም ነው።

ባልደረባዬ ባቡሩ አምልጦት ማታ እንደሚመጣ መልእክት ስለላከልኝ፣ ጊዜም ስለነበረኝ፣ ቀርቤ ሰላምታ ሰጠኋቸው።

«ስሜ ጃምሼድ ይባላል። የሙልታን ከተማ ልጅ ነኝ፤ እዚህ ከተማ አስራ ዘጠኝ ዓመት ኖሬአለሁ። የከተማው የውሃ መመርመሪያ ውስጥ ነው የምሠራው። የምትፈልጉት ነገር ካለ ልርዳችሁ» አልኳቸው።

ሽማግሌው ከእግሬ እስከ ራሴ ከመረመሩኝ በኋላ ትንሽ ለዘብ አሉ። ሀጂ ኢናያት ይባላሉ፤ ከሙልታን ብዙ የማይርቀው የባሃዋልፑር ከተማ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ልጅቷ ሩምሻ የታናሽ ወንድማቸው ልጅ ስትሆን፣ የመድኃኒት ቅመማ ልትማር መምጣቷ ነው። አባቷ በሕይወት ስለሌለ እሳቸው ለአንድ ሳምንት ብቻ ሊያደርሷት ተከትለዋታል። የተማሪዎቹን መኖሪያ አድራሻ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝና አብረን በትራም ሄድን። በመንገድ ሁሉ ሀጂ የልጅቷን ክንድ አልለቀቁም፤ እኔም ምክንያቱን አልጠየቅሁም።

የመኖሪያው ጠባቂ ቁልፍና አንድ ቅጽ ሰጠን። ክፍሉን ከሩምሻ ጋር የምትጋራው ኤቴሪ የምትባል የጆርጂያ ልጅ ናት፤ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ። በሩን ከፍታ በእንግሊዝኛ እንኳን ደህና መጣችሁ ካለችን በኋላ ወደ ምድጃው ተመልሳ ሾርባዋን ታማስል ጀመር። እኛም በዚያው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን። ኡርዱ ስለማትሰማ ሀጂ በነፃነት ይናገሩ ነበር።

«በል አንብብልን፤ ምን ይላል ወረቀቱ?» አሉኝ።

ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የቤተሰብ ስልክ እያልኩ አነበብኩ። በመጨረሻም፣ «በድንገት ብትታመሚ የሚረዱሽ ሰዎች ሊያውቁት የሚገባ ሕመም አለሽ? ለመመለስ አትገደጂም» የሚል ነበረበት።

ገና ሳልጨርስ ሀጂ፣ «የለም ብለህ ጻፍ» አሉ።

«አለ፣ ታያ ጂ» አለች ሩምሻ።

እጄ ላይ ያለው ብዕር ቆመ። ሀጂ ወደ እኔ ሳያዩ በዝግታ ተናገሩ። «ይህ ሰው ነገ ለማን እንደሚያወራ ታውቂያለሽ? ሙልታን ከእኛ ከተማ ስንት ሰዓት ነው?»

«ያውራ። ከአስራ አራት ዓመቴ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለብኝ፣ ወንድሜ» አለችኝ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ። «መድኃኒቴን በሰዓቱ ስውጥ ስምንት ወር ሙሉ ደህና ነበርኩ። ሐኪሜም ሄደሽ ተማሪ ብሎኛል። አሁን ግን ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። መድኃኒቴን ታያ ጂ ከራሱ ብልቃጥ አውጥተው በካልሲየም ብልቃጥ ውስጥ ጨመሩት፤ ከዚያ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ አስገቡት። ሻንጣው ከእኛ ጋር አልመጣም፤ ገና አልደረሰም።»

«አየር ማረፊያ ላይ ፈታሽ ሁሉ እንዲያነበው ፈልገሽ ነበር?» አሉ ሀጂ። «እኔ ለራሴ ብዬ ነው? ሁለት እህቶች አሉሽ። ‹የዚያ ቤት ሴቶች ይወድቃሉ› ከተባለ ማን ለጋብቻ በራችንን ያንኳኳል? የሰው አፍ ክዳን የለውም።»

«እኔ እዚህ ስወድቅስ? እርስዎ በሳምንቱ ይሄዳሉ። ይህች ልጅ ምን እንደሆንኩ አታውቅም። ፈርታ ትሮጥ ይሆናል፣ ሞታለች ብላ ትጮህ ይሆናል። ገና ከአውሮፕላኑ ከወረድኩ ጀምሮ ወለሉን ብቻ ነው የማየው፤ የት ላይ እንደምወድቅ እየመረጥኩ።»

ይህን የተናገረችው ድምጿን ሳታነሳ ነበር። በባቡር ጣቢያው ለምን ከግድግዳ እንደተጣበቀች ያኔ ገባኝ፤ የሽማግሌው እጅም ለምን እንዳልለቀቃት።

እኔም ጣልቃ ገባሁ። «ሀጂ፣ ይህ እንደ ስኳር፣ እንደ ደም ግፊት የታወቀ ሕመም ነው። መድኃኒት አለው። የሚገድለው ብዙ ጊዜ ሕመሙ ራሱ ሳይሆን የሚወድቁበት ቦታና የሚረዳ ማጣት ነው። ባሕር ላይ፣ እሳት ላይ፣ ደረጃ ላይ ያለ ጠባቂ መሆን።»

ሀጂ በፈገግታ ዓይነት ነገር ከንፈራቸውን ገለጥ አደረጉ። «አንተ ውሃ መርማሪ ነህ እንጂ ሐኪም አይደለህም፣ ልጄ። የተማረ ሰው አንድ ወረቀት ካነበበ የሌላውን ቤት ጣሪያ ሁሉ ሊያነሣ ይፈልጋል። የእኛን ቤት ክዳን ተውልን። አምላክ የሸፈነውን ሰው አይገልጥም።»

«አምላክ ጎረቤትንም ፈጥሯል» አልኳቸው።

«ጎረቤት ነው የምፈራውኮ!»

ሩምሻ ግንባሯን በመዳፏ ያዘች። ፊቷን ልትታጠብ እንደምትፈልግ ተናገረች። ሀጂም፣ «ሂጂ፤ ግን የማናውቀው ሰው ቤት ነውና በሩን ከውስጥ ቆልፊ» አሏት። ቆለፈች። የቁልፉ ድምፅ እስከ ጠረጴዛው ድረስ ተሰማ።

እኔና ሀጂ ክርክራችንን ቀጥለን ነበር። እሳቸው ስለ ሰው ወሬ፣ እኔ ስለ ሰው ሕይወት። ከዚያ ከመታጠቢያ ቤቱ ውስጥ አንድ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማን። ቀጥሎም እግር በሩን ደጋግሞ ሲመታ፣ እንደ ከበሮ፣ ሳያቋርጥ።

ሀጂ ከመቀመጫቸው ሲነሡ ወንበሩ ተገለበጠ። «ሩምሻ! ሩምሻ!» እያሉ በሩን በትከሻቸው ገፉት፤ አልተበገረም። የልጅቷ ትንፋሽ ከበሩ ሥር እንደ ማንኮራፋት ይወጣል። እኔም እጀታውን አወዛውዝ ነበር።

ኤቴሪ ከኋላችን መጣች። «ምን ሆናለች?» ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች። ከዚያ ደግማ፣ «ንገሩኝ፤ ምን አለባት?»

እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ነገር ግን ወደ ሀጂ ተመለከትኩ። ምስጢሩ የእሳቸው ቤት ምስጢር ነበርና ለአንዲት ቅጽበት ያህል፣ እስካሁን በሚያሳፍረኝ ሁኔታ፣ ፈቃዳቸውን ጠበቅሁ። በሩ ይደበደባል።

«ንገራት» አሉ ሀጂ። «የሚጥል በሽታ አለባት በላት። ቶሎ በላት፣ ልጄ።»

ነገርኳት። ልጅቷ ወደ ወጥ ቤት ሮጣ ቢላ ይዛ ስትመለስ ሀጂ በድንጋጤ ከፊቷ ቆሙ። እሷ ግን በእጇ ገፋ አድርጋቸው የቢላውን ጫፍ በቁልፉ ውጭ በኩል ባለው ስንጥቅ ውስጥ አስገብታ አዞረችው። በሩ ተከፈተ።

ሩምሻ ወለሉ ላይ ተዘርራ ሰውነቷ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ራሷ ከመታጠቢያው እግር አንድ ጣት ያህል ርቆ ነበር። ከአፏ አረፋ ይወጣል። ሀጂ በጉልበታቸው ወደቁና ጫማቸውን አውልቀው ወደ አፍንጫዋ ሊያስጠጉ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩት። ይህ በአገራችን ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ልማድ ነው። የጫማ ሽታ ያነቃል ይባላል፤ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ግን አየር መከልከል ብቻ ነው።

«አይንኳት፣ አይያዟት» አለች ኤቴሪ። «አፏም ውስጥ ምንም አታስገቡ።» የራሷን ሹራብ አውልቃ ከሩምሻ ራስ ሥር አነጠፈች። የአንገት ልብሷን አላላችላት። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። «አምስት ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ እንጠራለን። እርስዎ ስልኩን ይያዙ» አለችኝ።

ያን ያህል ረጅም ሁለት ደቂቃ አይቼ አላውቅም። ሀጂ በር ሥር ተቀምጠው ጫማቸውን በደረታቸው አቅፈው ይጸልያሉ፤ እኔ ቁጥሩን ስልኬ ላይ ጽፌ ጣቴ በላዩ ላይ ተንጠልጥሏል። ከዚያ መንቀጥቀጡ ላላ፣ ቀረ። ኤቴሪ ሩምሻን በቀስታ ወደ ጎኗ አዞረቻት፤ አረፋው ከአፏ ወደ ውጭ ፈሰሰ። የትንፋሿ ድምፅ ተስተካከለ።

ሩምሻ ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያየችው ገና በቅጡ የማታውቃትን የጆርጂያዊቷን ፊት ነበር። አፈረች፤ ፊቷን በእጇ ልትሸፍን ሞከረች።

«ተረጋጊ፤ አብቅቷል። ቤትሽ ውስጥ ነሽ» አለቻት ኤቴሪ። ከዚያም ወደ እኛ ዞራ፣ «የሒሳብ አስተማሪያችን ይህ ሕመም ነበረበት። ትምህርት በተጀመረ በመጀመሪያው ቀን፣ ስወድቅ እንዲህ አድርጉ ብሎ አሳየን። በሦስት ዓመት አንዴ ነው የወደቀው። ማንም አልጮኸም» አለች።

ለሀጂ ተረጎምኩላቸው። ሩምሻ አልጋዋ ላይ እንቅልፍ ከወሰዳት በኋላ ወጥ ቤት ተመልሰን ስንቀመጥ ነው የተናገሩት።

«ሱግራ የምትባል ታናሽ እህት ነበረችኝ። አስራ ሰባት ዓመቷ ነበር። አባቴ ሰው እንዳይሰማ ብሎ ጓሮ ያለው ክፍል ውስጥ አኖራት። አንድ ቀን ልብስ ለማጠብ ብቻዋን ወደ ቦዩ ወረደች። የሰፈሩ ሴቶች ውሃው ውስጥ ስትወድቅ አይተዋል፤ ስትንፈራገጥም አይተዋል። የምትጫወት መሰላቸው። ማን ነግሯቸው? እኔ ሃምሳ ዓመት ሙሉ እነዚያን ሴቶች ስረግም ኖርኩ። ዛሬ ይህቺ ልጅ ‹ምን አለባት› ብላ ስትጠይቀኝ ነው የገባኝ። እነሱማ አላጠፉም፤ እኛ ነን ያልነገርናቸው።»

ይህን ብለው ቅጹን ወደ ራሳቸው ጎተቱ። «ጻፍ» አሉ። «ሕመሙን ጻፍ። የመድኃኒቱን ስም ከሐኪሙ ወረቀት ላይ ገልብጥ፤ የሚዋጥበትንም ሰዓት። የኔን ስልክ ጻፍ፤ ያንተንም ጨምር፣ ፈቃድህ ከሆነ።»

የዚያኑ ቀን ሻንጣው ደረሰ። ሩምሻም ነቅታ መድኃኒቷን ዋጠች፤ በነጋታው ሐኪም ዘንድ እንድትታይ ቀጠሮ ያዝን። አሁንም ትፈራ ነበር። «ዳግመኛ ብወድቅስ?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም አትወድቂም ብዬ ልዋሻት አልፈለግሁም። «ልትወድቂ ትችያለሽ፤ ግን የሚያውቅ ሰው አጠገብሽ ይኖራል» አልኳት። ኤቴሪ በዚያ መሀል የሾርባ ሳህን ከፊቷ አስቀመጠችላት።

ሀጂ ወደ እኔ ጠጋ አሉና፣ «ይህችን ጓደኛዋን አንድ ነገር ለምንልኝ፤ የታመመውን ሰው ወደ ጎን እንዴት እንደምታዞር ታሳየኝ። አገር ቤት ስገባ ለእናቷና ለእህቶቿ አሳያለሁ» አሉ።

ለልምምድ ማንን እናዙር ብንል፣ ሰባ ዓመት የሞላቸው የባሃዋልፑር ነጋዴ ቆባቸውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተጋደሙ። ሩምሻ በኤቴሪ መሪነት አንድ ጉልበታቸውን አጠፈች፣ ትከሻቸውን ያዘች፣ ወደ ራሷ ሳበቻቸው።

«ቀስ በይ፣ ወገቤን ጨርሰሽው» አሉ ከወለሉ። «ጉልበቴን ነው ወይስ ትከሻዬን ያስቀደምሽው? ድገሚው፤ አላየሁም።»

ሩምሻ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ሰማኋት።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት ሆኗል። ሩምሻ ሁለት ጊዜ ወድቃለች፤ አንዱ በትምህርት ክፍል ውስጥ ነበር። ጓደኞቿ ወንበሮቹን ገፋ አድርገው ሰዓት እያዩ ጠበቋት፤ በማግስቱ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። ሕመሙ ተደብቆ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አስተዋይ አንባቢ ራሱ ይመዝነው። ነገሩ ያለ ዋጋ አልቀረም፤ የታናሽ እህቷ አንድ አጭ ወሬውን ሰምቶ ቀርቷል። ሀጂ ግን፣ «በመጀመሪያው ሕመም የሚሸሽ ባል ቀድሞ በመሸሹ ደግ አደረገ» ብለው አለፉት። ሌላው አጭ ሲመጣ ራሳቸው ነገሩት፤ እሱም ተቀምጦ ሻዩን ጨረሰ።

ባለፈው ክረምት ሀጂ ደወሉልኝ። ሰዎች ጨርቅ የሚገዙ መስለው ወደ ሱቃቸው እየገቡ፣ ሌላ ገዢ እስኪወጣ ቆይተው፣ በሹክሹክታ «የኔም ልጅ እንዲሁ ናት፤ ያን አዟዟር አሳየኝ» እንደሚሏቸው ነገሩኝ።

«በእኛ መንገድ ብቻ አምስት ቤት፣ ጃምሼድ» አሉኝ። «አንዱ አጥር የሚጋራኝ ጎረቤቴ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ እኔ የሱግራን ነገር ከእሱ ስደብቅ፣ እሱም የራሱን ከእኔ ሲደብቅ።»