የከብት ሐኪሙ የተፈተነበት ግቢ

ፈተና ሲባል እስካሁን ያንገሸግሸኛል። ጣሊያን ከወጣ በኋላ መቀሌ የቀረ አንድ ጣሊያናዊ የከብት ሐኪም የሥራ ፈቃድ ጠየቀ። ከአዲስ አበባ የመጡት ሹም «ያገሩ ወረቀት አያሳምነኝም፤ እጁን ልየው» አሉና የታመመ ከብት ያለው ሁሉ ወደ አንድ ግቢ ነድቶ እንዲመጣ አስለፈፉ። አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ግቢው በማለዳ በከብት ጢም አለ።

ሰውየው እጁ የተባረከ ነው። የቆሰለ ሰኮና ጠርቦ አሰረ፣ ሆዱ የተነፋውን አስተነፈሰ። ከሰዓት በኋላ ግን የአንዱን ወይፈን አፍ ከፍቶ ድዱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። የነገረኝን ለሹሙ ተረጎምኩ፤ «ደስታ የሚባለው በሽታ ነው፤ ከከብት ወደ ከብት እየተጋባ አገር ሙሉ የሚፈጀው።»

ሹሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለይቶ አወቀ እኮ። ፈተናውን አልፏል በለው።»

አልኩት። ሐኪሙ ግን ግቢውን ዞር ብሎ አየና «እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ የሰበሰበው ማነው?» አለኝ።

ይኼኔ ሰኮናው የታሰረለት በሬ ባለቤት፣ አንድ የእንደርታ ገበሬ፣ ጠጋ አለኝ። «ጎይታይ፣ ጌታዬ፣ የእኔ እግሩን ብቻ ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ወደ መንደሬ ልውሰደው?»

በሬው ከዚያ ወይፈን ጋር ከአንድ ገንዳ ሲጠጣ ነው የዋለው።