ይብቃ ባይ ያጣ የሩሲያኛ ፈተና

እኛ በተማርንበት ዘመን፣ ልጆቼ፣ ቋንቋ የሚለመደው በጆሮና በጉሮሮ ነበር። መምህሩ ይናገራል፣ ደቀ መዝሙሩ ይቀበላል፣ የተቀበለውንም ይቀጽላል፤ በቃሉ እስኪወርድለት ድረስ ይለዋል፣ ይለዋል፣ ደግሞ ይለዋል። ቀለሙን ለመምህሩ በሚያሰማበት ጊዜ ዓይኑን ጨፍኖ ነው፤ መምህሩ «ይብቃ» ካላለው በቀርም አያቆምም። መምህሩ ቢያንቀላፋ እንኳ አያቆምም! ምነው ትስቃላችሁ? እውነቴን ነው። ግእዙን እንዲህ አድርገን ነው የያዝነው፣ ይኸው ፀጉራችን ነጥቶም አልለቀቀንም።

ታዲያ የልጄን ልጅ፣ ትዕግሥትን ታውቋት የለም? እዚሁ ሸዋ ሮቢት እጄ ላይ ያደገችውን። እና እርሷ ሐኪም ልሁን አለች፤ በሩሲያ አገር ያለ አንድ ትምህርት ቤትም በነፃ ሊያስተምራት ተስፋ ሰጣት። ነገር ግን አስቀድማ በቋንቋቸው በቃል ተፈትና ካለፈች ነው፤ ከወደቀች ቦታው ለሌላ ነው። እናንተ ሩሲያኛ የምትሉትን እኔ በልጅነቴ መስኮብኛ ሲባል ነው የሰማሁት፤ እንኳን ልናገረው፣ የሚናገረውንም ሰው አላየሁ። «አባባ፣ ማን ያስተምረኛል?» ስትለኝ የሚያውቅ ሰው ማፈላለግ ያዝሁ።

ታዲያ ጀውሃ ላይ፣ ከመኪናው መንገድ ዳር ጎሚስታ ያለው ሰይድ የሚባል ሰው አለ። በወታደርነቱ ዘመን ያን አገር ሄዶ የታንክ ጥገና የተማረ ነው። ላክሁበት፤ መጣ።

«የኔታ፣ እኔ የማውቀው የጋራዥና የጦር ሰፈር ቋንቋ ነውኮ፤ ለሐኪም ይሆናል ብለው ነው?» አለኝ።

«አንተ ቃሉን ስጣት፣ ማስቀጸሉን ለእኔ ተወው» አልሁት።

እና ተጀመረ። በመጀመሪያ ሰላምታቸውን አመጣ፤ «ዝድራስትቩይቴ» አለ። ልጆቼ፣ ይህን ቃል ልለው የሞከርሁ ዕለት ምላሴ ታስሮ ቀረ! ሳድስ በሳድስ ላይ፣ ሳድስ በሳድስ ላይ፤ የጣርማ በርን ዳገት በእግር እንደ መውጣት ነው። «ይህ ለትልቅ ሰው ነው፣ ለጓደኛ ግን ፕሪቬት ነው» አላት። ደስ አለኝ፤ እነርሱም ትልቅና ትንሽ የሚለዩ ሰዎች ናቸው አልሁ። ደግሞ ስሙ ሁሉ እንደ አገባቡ መጨረሻውን ይለዋውጣል፤ ለባለቤቱ ሌላ፣ ለተቀባዩ ሌላ፣ ላለበት ስፍራ ሌላ።

«እኔ በዚህ ተሸንፌ ነው የተመለስሁት፣ ወላሂ!» አለ ሰይድ።

«ይህማ እንደ ግእዙ ግስ እርባታ ነው፣ በዜማ ይወርዳል!» አልሁ። እና በዜማ አስወረድኋት። ቃሉን ሳላውቀው ዜማው ሲሰበር ዐውቃለሁ፤ ሲሰበር «መልሺው» እላለሁ፣ ትመልሰዋለች።

አንድ ቀን ታዲያ ቃል ጠፍቷት «ብሊን!» ብላ ጭኗን መታች። ሰይድ አቀረቀረ።

«ምንድን ነው ያለችው?» አልሁት።

«ቂጣ ማለት ነው የኔታ።»

«ርቧታል?»

«የለም… ሰው ሲበሳጭ የሚላት ናት። የጎዳና ቃል ናት።»

«በመምህር ፊት ትባላለች?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«ታዲያ ስለምን አስተማርሃት?»

«እኔ መች አስተማርኋት! ጎማ ስፈታ ሰምታኝ ነው!»

ከዚያች ዕለት ወዲህ ፍርሃት ገባኝ። ቋንቋውን አላውቀው፣ ክፉውን ከደጉ አልለየው፤ በፈታኝ ፊት ምን እንደሚያመልጣት ማን ያውቃል? ስለዚህ ሰይድን «ንጹሑን ብቻ ለቅመህ አምጣልኝ» አልሁትና ስለ ከተማዋ፣ ስለ ባቡር ጣቢያ፣ ስለ ሐኪም ቤት፣ ስለ ገበያ፣ ስለ አየሩ አንድ በአንድ አስቀጸልኋት። ከተቀጸለው እንዳትወጣም አስጠነቀቅኋት።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ነው፣ ሙቀቱ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ነው፣ ኔትወርክ የሚሉት ነገር ይሄዳል ይመጣል። ትዕግሥት ብቻዋን በውስጠኛው ክፍል በስልኳ ፊት ተቀመጠች፤ በስልኩ ውስጥ የምትታየው ፈታኟ አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት ናት። ገና ሲጀመር «በክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ቢኖር ፈተናው ይፈርሳል» አለቻት። እኔና ሰይድ ከበሩ ውጭ ተቀምጠናል፤ እርሱ በሹክሹክታ ይተረጉምልኛል።

«ስለ ከተማሽ ንገሪኝ አለቻት» አለኝ።

«ተመስገን፣ ይህን ቀጽላለች!» አልሁ።

ጀመረች። ሮቢ ወንዙን፣ ሽንኩርቱን፣ ማንጎውን፣ የጭነት መኪናውን፣ እንደ ውኃ ታወርደው ጀመር። ሰይድ ራሱን ይነቀንቃል፣ እኔም እነቀንቃለሁ። ጥቂት ቆይቶ ግን ፊቱ ተለወጠ።

«የኔታ… ባቡር ጣቢያ ገባች።»

«የምን ባቡር?»

«ትኬት እየቆረጠች ነው!»

«ስለ ባቡር ጠየቀቻት እንዴ?»

«ማንም አልጠየቃትም!»

«ታዲያ ለምን አታቆምም?»

«ማን ይብቃ አላት፣ የኔታ?»

በበሩ ስንጥቅ አየሁ፤ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ልክ እንደ ሥርዓታችን። ሴትዮዋ ልጅቱ እስክትጨርስ በጨዋነት ትጠብቃለች፣ ልጅቱም ሴትዮዋ ይብቃ እስክትላት በጨዋነት ትቀጥላለች። ሁለት ጨዋ ተገናኝተው ማን ያስታርቃቸው!

«አሁን ሐኪም ቤት ደርሳለች፤ ሆዷን አሟታል» አለ ሰይድ።

«ከዚያ ወዲያስ ምን ቀራት?»

«ገበያው አለ፣ አየሩ አለ፤ አንቱ ያላስቀጸሏት ምን አለና!»

ብገባ ፈተናው ይፈርሳል። ብተዋት በቃሏ የያዘች እንጂ ቋንቋ የምታውቅ አይደለችም ትባላለች። «ምን ላድርግ?» አልሁት፤ «አላህ ያውቃል» አለኝ። ታዲያ እጄ ለይብቃ እንደ ለመደው መቋሚያዬን አነሣና ወለሉን መታው። ድው!

ትዕግሥት ዝም አለች። ፈታኟም ቀና ብላ አንድ ነገር ተናገረች።

«ምንድን ነው እርሱ? ሰው አለ ወይ? ነው የምትለው» አለኝ ሰይድ። «ነፋስ ነው ብትል ይሻላት ነበር።»

«ሐሰትማ አላስተማርኋትም» አልሁ፤ ይህን ስል ራሴን ፈራሁት፤ በእውነቷ ብትወድቅስ?

ትዕግሥት ቃል በቃል እየለቀመች፣ እየተደናቀፈች ተናገረች። ሰይድም ተረጐመልኝ፦ «አያቴ ናቸው፤ ከውጭ ናቸው። በእኛ ዘንድ ተማሪ መምህሩ ይብቃ ካላለው አያቆምም። እርስዎ ደግሞ አላሉኝም።»

«በትክክል አለችው?»

«የለም፣ የቃሉን መጨረሻ ሁሉ አፋለሰችው!»

«ታዲያ አንተ ለምን ትስቃለህ?»

«እየተናገረች ነዋ፣ የኔታ! ከራሷ አውጥታ እየተናገረች ነው!»

ሴትዮዋ «አያትሽ ሩሲያኛ ያውቃሉ?» አለቻት፤ እርሷም «አንድም ቃል» አለች። «ታዲያ እንዴት አስተማሩሽ?» ስትላት ጨዋታው ደራ፣ ሰይድም መተርጐሙን ትቶ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ምን አለች? አንተ፣ ምን አለች?» ስለው «ቆይ የኔታ፣ ልስማበት!» ይለኛል። በገዛ ቤቴ፣ ስለ እኔ እየተወራ፣ የማልሰማ እኔ ብቻ! ሴትዮዋ ስትስቅ ይሰማኛል፤ የምን ሣቅ እንደ ሆነ ግን ማን ይንገረኝ? የፌዝም ሣቅ አለ፣ የፍቅርም ሣቅ አለ።

በመጨረሻ ሰይድ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «እዚህ ስትመጪስ ይብቃ የሚልሽ ማን ነው? አለቻት» አለኝ። እኔ ከውጭ ሆኜ መልሱን በአማርኛም በግእዝም አዘጋጅቼላታለሁ፤ ምን ያደርጋል፣ ላቀብላት አልችል። ኋላ ትዕግሥት አንዲት አጭር ነገር ስትናገር ሰማሁ፤ ሰይድም ፊቱን አዞረብኝ።

«ንገረኝ እንጂ!»

«‹እኔው ራሴ› አለች፣ የኔታ።»

ያን መልስ እኔ አላስቀጸልኋትም፣ ሰይድም አልሰጣትም። ከየት አመጣችው እያልሁ ብዙ አሰብሁ። ጥቂት ሰንብቶም «ተቀብለንሻል» የሚል ቃል መጣ፤ ሰይድ «አልሐምዱሊላህ!» እኔ «እግዚአብሔር ይመስገን!» እየተባባልን ጎረቤቱን ሁሉ አስደነገጥን። ይኸው አሁን ለመንገዷ እየተሰናዳች ነው።

*ከሰሚዎቹ አንዱ፦* እንግዲህ ካለፈች የኔታ፣ ከስጋቱ ዐረፉ ማለት ነው?

ማን፣ እኔ? ብርዱስ? ጾሙስ? ባልንጀራውስ? ኧረ ምን ዐርፋለሁ! ትሂድ እርሷ፣ ቀለል ብሏት ትሂድ፤ ስጋቱን እዚሁ ከእኔ ዘንድ ትተወው። እኔ እንደ ሆንሁ ለምጄዋለሁ፤ እርሱም ያለ እኔ የሚያድርበት ቤት የለው። ሂ ሂ ሂ…