ከመንታዎቹ አንዷ

በእስራኤል ደቡብ፣ በአንዲት ትንሽ ከተማ ማዘጋጃ ቤት፤ ከጎንደር የመጣችው ወርቂት መንታ ሴት ልጆቿን አንደኛ ክፍል ልታስመዘግብ መጥታ፣ የቤተ እስራኤል ወላጆችን ጉዳይ ከሚይዙት ከአቶ ባይህ ፊት ተቀምጣለች።

ወርቂት፦ አንድ ቦታ ማለት ምን ማለት ነው፣ ጋሽ ባይህ? ልጆቼ እኮ ሁለት ናቸው!

ባይህ፦ ሁለት መሆናቸው መች ጠፋኝ። የቀረው ቦታ ነው አንድ።

ወርቂት፦ ትላንት የጎረቤቴን የሩሲያዊቷን ልጅ መዘገባችሁት። ለሱ ከየት መጣ?

ባይህ፦ የሩሲያዊቷን ልጅማ ማን ይቆጥራል? በየክፍሉ ልክ የተበጀለት የኛ ልጆች ቁጥር ነው።

ወርቂት፦ የኛ ማለት የጥቁሮቹ?

ባይህ፦ ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ።

ወርቂት፦ ምነው፣ መጥቆራችን ሚስጥር ነው እንዴ?

ባይህ፦ ስሚኝ። አውሮፕላን ባረፈ ቁጥር ወገናችን የሚሰፍረው እናንተ ሰፈር ነው። እኔ ስመጣ በዚያ መንገድ ሁለት ቤተሰብ ብንሆን ነው፤ ዛሬ ከምድር እስከ ላይኛው ፎቅ እኛው ነን። ፈረንጆቹ ክፍሉ ውስጥ ስንበዛባቸው ልጆቻቸውን እያስወጡ ይሄዳሉ። ትምህርት ቤቱ ባዶ እንዳይቀር ነው የኛን ልጆች የምንበትናቸው።

ወርቂት፦ የምትበትኗቸው? ገብስ ናቸው? ያን ሰፈር እኛ መረጥነው? ርካሽ ቤት ያለው እዚያ ነው ብላችሁ ያስገባችሁን እናንተ! ባሕሩ ዳር ካሉት ከተሞች አንዲት ክፍል ስጡኝ፣ ዛሬውኑ ልልቀቅላችሁ።

ባይህ፦ እሱ የኔ ሥልጣን አይደለም።

ወርቂት፦ ሌላዋ የት ልትገባ ነው?

ባይህ፦ ከከተማ ውጭ። ጠዋት አውቶቡስ ይወስዳታል፣ ማታ ይመልሳታል። እዚያ ያሉት የኛው ልጆች ብቻ ስለሆኑ አይከፋትም።

ወርቂት፦ የእህቴ ልጅ እዚያ ነው። አራተኛ ክፍል ደርሶ የአውቶቡሱን ታርጋ እንኳ ማንበብ አይችልም! የእርስዎ ልጅ የት ነው የሚማረው?

ባይህ፦ እሱን ምን አመጣው?

ወርቂት፦ እዚሁ ነው። በር ላይ ሲያወርዱት አይቻለሁ። ቤትዎ ኮረብታው ማዶ፣ ልጅዎ የኔ ልጆች ቦታ ላይ!

ባይህ፦ አዎ፣ ይዟል። ላስወጣው? አንቺ በኔ ቦታ ብትሆኚ ታስወጪ ነበር?

ወርቂት፦ ጎንደር ጉዞ ስንጠብቅበት የነበረው መጠለያ ድረስ መጥተህ፣ “እዚያ ስትገቡ ሁላችሁም እኩል ናችሁ” ያልከን አንተ ነህ። አንተ!

ባይህ፦ አሁን አንተ ሆንኩ? ይሁን። ኮሪደሩ ላይ ልጇን ይዛ የቆመችውን ሴትዮ አይተሻታል? አንቺ ካልፈለግሽው ቦታው የሷ ነው።

ወርቂት፦ መንታ እኮ ናቸው። ባንድ አልጋ ነው የሚተኙት።

ባይህ፦ ማታ ማታ ይተኙ፣ ማን ከለከላቸው?

ወርቂት፦ ሁለቱም ይቅሩ! አልመርጥም።

ባይህ፦ ደህና። ስትወጪ በሩን አትዝጊው፣ ሴትዮዋ ትግባ።

ወርቂት፦ …ቆይ።

ባይህ፦ እየሰማሁሽ ነው።

ወርቂት፦ ያኤልን መዝግባት።

ባይህ፦ እኔም እሷን ነው የገመትኩ። ማንበብ ጀምራለች ያልሽኝ እሷ ናት አይደል?

ወርቂት፦ አይደለችም። የምታነበው ሺራ ናት።

ባይህ፦ እና ሺራ አትሻልም?

ወርቂት፦ ያኤል ቀላ ትላለች።